ያልተወለዱት ሰዎች ድርሻ

አንድ አባት ሰፊ መሬት ቢያገኝና ልጆቹ «አሁኑኑ አካፍለን» ሲሉት ገና ያልተወለዱትን የልጅ ልጆቹን አስቦ እምቢ ቢል፣ ትፈርዱበታላችሁ ወይስ ትፈርዱለታላችሁ? ከ1,380 ዓመት ገደማ በፊት በመዲና የተነሣው ክርክር ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም።

በሁለተኛው ኸሊፋ በዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ዘመን (ከ634 እስከ 644 እ.ኤ.አ.) ሙስሊሞች ሻምንና ኢራቅን ከፈቱ። በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች የሚጠጣው፣ ዐረቦች ከልምላሜው የተነሣ «ሰዋድ» ማለትም ጥቁሩ ምድር የሚሉት የእርሻ አገር በእጃቸው ገባ። ያን ጊዜ ብዙ ሰሓቦች መሬቱ ለተዋጊዎቹ ይከፋፈል አሉ። ማስረጃቸውም ቀላል አልነበረም። ሱረቱል አንፋል ከምርኮ አንድ አምስተኛውን ብቻ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በ628 እ.ኤ.አ. የኸይበርን መሬት አካፍለዋል። በዚህ አቋም ከጸኑት መካከል ዙበይር ኢብኑል ዐዋም፣ ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍና የሐበሻው ልጅ ቢላል (ረ.ዐ.) ይገኙበታል። ቢላል ለሀብት የሚስገበገብ ሰው እንዳልነበር ሁላችንም እናውቃለን። የጠየቀው ሐቅ ነው ብሎ ያመነበትን ነው።

ዑመር ግን ሌላ ነገር አሳሰባቸው። ዛሬ መሬቱ ከተከፋፈለ ነገ ለሚመጣው ትውልድ ምን ይቀራል? ድንበር ጠባቂው ከምን ይከፈለዋል? የቲሙና ባሏ የሞተባት ሴት ከየት ያገኛሉ? ኸሊፋ ነኝ ብለው ተቃዋሚዎቻቸውን ዝም አላሰኙም። መጀመሪያ ሙሃጂሮችን፣ ቀጥለውም ከአውስ አምስት፣ ከኸዝረጅ አምስት የአንሷር ታላላቆችን ጠርተው አማከሩ። ዐሊ፣ ዑስማንና ጦልሓ (ረ.ዐ.) ሐሳባቸውን ደገፉ። በመጨረሻም ዑመር ሱረቱል ሐሽርን አስረጅ አደረጉ። ሱራው ሀብት በባለጸጎች መካከል ብቻ እንዳይዘዋወር ካሳሰበ በኋላ ድሆች ሙሃጂሮችን፣ አንሷሮችን፣ ከዚያም ከእነርሱ በኋላ የሚመጡትን ያነሳል። «ከኋላ የሚመጡት» ገና አልተወለዱም፤ ድርሻቸው ግን ተጠብቋል።

ስለዚህ መሬቱ በአራሾቹ እጅ እንዲቆይ፣ ኸራጅ የተባለው ግብርም በየዓመቱ ለበይተልማል እንዲገባ ተወሰነ። ዑስማን ኢብን ሑነይፍ መሬቱን እንዲለኩ ተላኩ።

ገቢው ሲበዛ ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ መጣ፦ ክፍፍሉ እኩል ይሁን ወይስ በውለታ? አቡበክር (ረ.ዐ.) ለሁሉም እኩል ይሰጡ ነበር። ለእስልምና የቀደመ ሰው ምንዳው አላህ ዘንድ ነው፤ በኑሮ ግን እኩልነት ይሻላል ይሉ ነበር። ዑመር ግን ከነቢዩ ጋር የተዋጋውንና ነቢዩን የተዋጋውን አላስተካክልም ብለው፣ ዲዋን በተባለው መዝገብ ሰዎችን በደረጃ አስፍረው ቀለብ ቆረጡ። ለበድር ዘማቾች በዓመት 5,000 ዲርሃም እንደ ደረሳቸው ተዘግቧል። ለገዛ ልጃቸው ለዐብዱላህ ግን ነጻ ከወጣው ባሪያ ከዘይድ ልጅ ከኡሳማ ያነሰ ሰጡት!

ሕፃናት ቀለብ የሚያገኙት ጡት ሲጥሉ ነበር። አንድ ሌሊት ዑመር ሕፃን ሲያለቅስ ሰምተው ቢጠይቁ፣ እናቲቱ ቀለቡን ለማግኘት ብላ ያለጊዜው ጡት እያስጣለችው ኖሯል። ደንግጠው ሕጉን ለወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ለሚወለድ ሁሉ ከልደቱ ጀምሮ ተቆረጠለት። በዕድሜያቸው መጨረሻም ከኖሩ ሁሉን እኩል ለማድረግ አስበው እንደ ነበር ይነገራል፤ ሳይደርስላቸው በ644 እ.ኤ.አ. ተገደሉ። ዐሊ (ረ.ዐ.) በዘመናቸው ወደ እኩል ክፍፍል ተመለሱ።

እንግዲህ አስተውሉ! እነዚያ ታላላቆች በክፍፍሉ መንገድ ተለያዩ እንጂ ድሃ በሀብት ውስጥ መብት እንዳለው አንዳቸውም አልተጠራጠሩም። እኛስ? ዘካ ስናወጣ ከአርባ አንዱን እንደ ቸርነት ቆጥረን ድሃው እንዲያመሰግነን እንጠብቃለን። ያ ገንዘብ ግን መጀመሪያም የእርሱ ነበር። ደጃችን ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ካለ የራሱን ድርሻ ሊወስድ የመጣ ባለሐቅ ነውና አናቆየው። ለልጆቻችንም ይህን በቃል ሳይሆን ዘካውን አብረን እያሰላን፣ በእጃቸውም እያደረስን እናስተምራቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠንን በአማና ከሚይዙት ያድርገን። አሚን።