ጥላሸትና ስም

የታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ነበር። እዚሁ ብስራተ ገብርኤል፣ በጎረቤት ግቢ፣ እናቶች የድግስ ድስት ሲፈትጉ ደረስኩ። በእንጨት ምድጃ ላይ የዋለው ድስት እስከ አንገቱ ጠልሽቷል። ጥላሸቱን የሚያለቅቁት ደግሞ በአመድ ነው፤ ያው እሳት በወለደው አመድ። «እማማ፣ ይኼ ይለቃል?» ብዬ አንዲቱን ጠየቅኋቸው። «ጥላሸት ምን አለው ልጄ፤ ይለቃል። የማይለቀው እሳት የበላው ነው» አሉኝ። የታሪክ መምህር ነኝና ነገሩ ከድስቱ አልፎ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

አማርኛችን አንድን ነገር ጥቁር ለማድረግ ከአንድ በላይ ግሥ አለው። ሐዘንተኛ ልብሱን ያጠቁራል፤ የተቆጣ ሰው ፊቱን ያጠቁራል። ምድጃ ግን ድስትን ያጠለሻል። የሰው ክብር ሲነካ ብዙ ጊዜ የምንመርጠው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ስሙን አጠለሹት፣ ጥላሸት ቀቡት እንላለን። እንግሊዝኛ ለዚሁ ተግባር የሚጠቀምበት «ዴኒግሬት» የሚለው ግሥ የመጣው ከላቲን ሲሆን ሥሩ «ጥቁር» ነው። እዚያ ነውሩ የቀለሙ ነው። እኛ ዘንድ ግን በጠላት ወረራ ዘመን የተማሩ ወጣቶችና የሆለታ መኮንኖች ማኅበራቸውን «ጥቁር አንበሳ» ብለው ሲሰይሙ የተኩራሩበት ስም ነበር። ነውሩ ከውጭ የተቀባው ጥላሸት እንጂ ጥቁረቱ አይደለም። ይህን ልዩነት ለተማሪዎቼ በኩራት እነግራቸው ነበር።

ይህ ኩራቴ የተሰበረው የልጅ ኢያሱን ታሪክ ሳስተምር ነው።

እንደሚታወቀው ልጅ ኢያሱ የአፄ ምኒልክ የልጅ ልጅና አልጋ ወራሽ ነበሩ። ዘውድ ሳይጭኑ አገር መሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በአዲስ አበባ የነበሩት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ወኪሎች ወደ ቱርክና ጀርመን አድልተዋል ብለው ጠረጠሯቸው። የሸዋ መኳንንትም ከመዲናይቱ መራቃቸውንና በምሥራቅ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር መወዳጀታቸውን በክፉ አዩት። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ኢያሱ ወደ ሐረርጌ ሄደው ሳሉ መኳንንቱ ተሰብስበው ሻሯቸው። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ሆኑ። አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቱ። ዋናው ክስ «ሃይማኖቱን ክዶ ሰልሟል» የሚል ነበር። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ የአባታቸው የንጉሥ ሚካኤል ጦር ድል ሆነ፤ የሞተው ሰው በሺዎች የሚቆጠር ነው። ኢያሱም በ1913 ዓ.ም. ተይዘው፣ ዕድሜያቸውን በእስር ገፍተው፣ በ1928 ዓ.ም. አረፉ።

እኔም በክፍል ውስጥ የድስቱን ትምህርት ሥራ ላይ አዋልኩ። ከመዲና መራቃቸው፣ የመንግሥትን ሥራ ማላላታቸው፣ በጦርነቱ መካከል የተከተሉት አደገኛ መንገድ «እሳት የበላው» ነው፤ እውነተኛ ጉድለት ነውና አይለቅም አልኩ። መስለማቸው ግን የማያሻማ ማስረጃ ያልቀረበበት የሻሪዎቻቸው ክስ ስለሆነ «ጥላሸት» ነው፤ በምርምር አመድ ይለቃል ብዬ ደመደምኩ። በአመዳደቤ ረክቼ ነበር።

ከኋላ መቀመጫ አንዲት ሻሽ ያሰረች ተማሪ እጇን አነሣች። «መምህር፣» አለች ቀስ ብላ፣ «መስለም ጥላሸት ነው እንዴ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ጸጥ አልኩ።

ውድ አንባቢያን፣ ልጅቱ የጠየቀችው ስለ ኢያሱ አልነበረም። እኔ የኢያሱን ስም ላጥብ ስነሣ ከድስቱ የፈተግሁትን ጥላሸት በእርሷ ላይ ደፋሁት። አንድን ሰው «ሙስሊም ነው» ብሎ መክሰስ ስም ማጠልሸት ከሆነ፣ «ሙስሊም አልነበረም» ብሎ መከላከልም ያንኑ ጥላሸት ማጽደቅ ነው። ከሳሹም ተከላካዩም እምነቱን እንደ ነውር ቆጥረውታል። በላቲኑ ግሥ ላይ ያየሁትን ጉድፍ በራሴ አንደበት ላይ ሳላየው ቀርቻለሁ።

ጥያቄዋ አዲስም አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሙስሊሞች ከክርስቲያን ደጋፊዎቻቸው ጋር ሰልፍ ወጥተው ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል ማለታቸው፣ ከሰገሌ ሃምሳ ሰባት ዓመት በኋላም ጥላሸቱ እንዳልለቀቀ ያሳያል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሥርዓቶችም ስልቱ አልተቀየረም። «ነፍጠኛ»፣ «ጠባብ»፣ «ጁንታ» የሚሉት ቃላት ሲወረወሩ የታለመው አንድ ባለሥልጣን ወይም አንድ ቡድን ሊሆን ይችላል፤ የጠለሸው ግን ከዚያው ወገን የተወለደው፣ ነገሩ የማይመለከተው ጎረቤት ጭምር ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2044 ስም ማጥፋትን ሲደነግግ የሚጠብቀው በሕይወት ያለውን ሰው ነው። ልጅ ኢያሱ ችሎት የላቸውም፤ የእርሳቸው ዳኛ ታሪክ ጸሐፊው ነው። ዳኛው ግን ድስቱን ከመፈተጉ በፊት ጥላሸት ብሎ የሚጠራው ምን እንደሆነ ራሱን መጠየቅ አለበት።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ትምህርቱን እንደገና ጀመርኩት። «የኢያሱ ስም የጠለሸው ሰልመዋል ስለተባለ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከሰሌዳው ላይ አጠፋሁና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሻሪዎቻቸው የወገኖቻቸውን እምነት እንደ ጥላሸት ተጠቀሙበት»። ልጅቱ ቀና ብላ አነበበችው፤ ከዚያም ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረች።

ቸር ያሰማን።