ሃይላንድ ውስጥ ያለው ምንድነው?

ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበረች። አሁን ግን ማንም ያምርታት ማን፣ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ሃይላንድ ነው። እስቲ ለቡ ውስጥ ወደ አንዱ የህንፃ መሣሪያ መደብር ገብታችሁ ትንሽ ቲነር ጠይቁ፤ የሚቀዳላችሁ በሷ ነው። ሰፈሩ ግንባታ አላልቅ ያለው ሰፈር ስለሆነ ቀለም የተቀባ ቤት ሁሉ ጥግ ላይ የተረፈ ቲነር አለው። ነጭ ጋዝም በሃይላንድ ነው፣ በረኪናም በሃይላንድ ነው። ቲነርና ነጭ ጋዝ ደግሞ ሲያዩዋቸው ውሃ ናቸው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ላምባ እ.ኤ.አ. ከ1850ዎቹ ጀምሮ በዓለም ገበያ ሲሰራጭ ለረጅም ጊዜ የሚጓዘው በትልልቅ ቆርቆሮ ነበር። በብዙ አገር ባዶው ቆርቆሮ ውሃ መቅጃ ይሆናል፣ ተዘርግቶ ጣሪያ ይሆናል። እኛ ጋ የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ (ለቡ የራሱን ጣቢያ ለማየት እስከ 2016 ጠብቋል)፤ የአሰብ ማጣሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1997 ሠራ። በዚህ መሀል ኩራዝ የስንቱን ሌሊት አበራች! በደርግ ዘመን አንድ ትልቅ አሳታሚ ድርጅት ስሙን ከሷ ነው የወሰደው። ቀጥሎ እናቶቻችን ቡታጋዝ የሚሏት ምድጃ ጓዳውን ያዘች። በ2001 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማ ሲነሳ ጋዝ ተወደደ፣ ብዙ ቤት ወደ ከሰልና ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ። ጠርሙሷ ግን ከአልጋ ስር አልወጣችም። መብራት ይጠፋላ!

እንግዲህ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ጠምቶት ያገኛታል። ልጁን የሚጎዳው በዋናነት ሆዱ የገባው አይደለም። ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚንና ቲነር እንደ ምግብ ዘይት አይወፍሩም፤ ልጁ ትን ሲለው ወይም ሲያስመልሰው ሾልከው ሳንባ ይገባሉ። እዚያ የሳንባን ትናንሽ ከረጢቶች ከፍቶ የሚይዘውን ስስ ሽፋን ያጥቡታል። ሳል፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ትኩሳት ይከተላል። ደህና የመሰለ ልጅ ከሰዓታት በኋላ ሊብስበት ይችላል።

የኛ ቤት መድኃኒት ደግሞ ወተት ነው። ወይም ጣት ጉሮሮ ከቶ ማስመለስ። ሁለቱም አይሆኑም! ወተቱ ራሱ ሊያስመልሰው ይችላል፤ ሲያስመልስ ደግሞ ሳንባው ሁለተኛ ዕድል አጣ ማለት ነው። ጋዝ የነካውን ልብስ ማውለቅ፣ ልጁን ታቅፎ ጠርሙሷንም ይዞ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። በጎማ ቤንዚን በአፋቸው የሚስቡ ሾፌሮቻችንም አንድ ጊዜ ትን ካላቸው ዕጣቸው ይኸው ነው።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1970 ልጅ የማይከፍተው ክዳን በሕግ አስገደዱ። ‘ሀብታም ስለሆኑ ነው’ እንዳትሉኝ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ክዳን ያለው የላምባ ዕቃ ለአንድ የገጠር አካባቢ ቤተሰቦች አደሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት መሠረት በዚያ አካባቢ ላምባ የሚጠጡ ልጆች ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ትምህርት፣ ፖስተር፣ ስብሰባ ሳይሆን ክዳን!

ሃይላንድ ሌላም ሥራ አላት። መንገድ ላይ የሚያድሩ ልጆች እጅጌያቸው ውስጥ ደብቀው ወደ አፍንጫቸው የሚያስጠጓት እሷው ናት፤ ውስጧ ማስቲሽ ወይም ቤንዚን አለ። ረሃብና ብርድ ያስረሳል ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ማስቲሽና ቲነር ውስጥ ያለው ቶሉይን አንጎልን በጊዜ ብዛት ያበላሻል፤ የቤንዚኑ ትነት ደግሞ የልብን ምት አዛብቶ በድንገት ሊገድል ይችላል፣ የመጀመሪያ ቀንም ቢሆን። ማስቲሹ ጫማ ሊጣበቅበት የተሠራ ነው፣ ቤንዚኑም ከመኪና ነው የመጣው። ጠርሙሷን ግን እኛ ነን ውሃ ጠጥተንባት የጣልናት።