የኮራል ዐለትና የሰጠሙ መርከቦች ምስክርነት፦ የቀይ ባሕር መሥመርና የመጀመሪያው ሂጅራ

በምዕራብ ዓባያ ከሐይቁ ዳርቻ የቆመ ሰው የሚያየው ውኃ ቀላ ያለ ነው። ከደጋ የሚወርዱት ወንዞች አፈር ተሸክመው ስለሚገቡ ብርሃን ወደ ዓባያ ጥልቀት አይዘልቅም፤ ውኃውም የባሕር ጨው የለውም። ስለዚህ ኮራል ሊኖርበት አይችልም። ሐይቁን ያቀፈው ስምጥ ሸለቆ ግን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዘልቆ በአፋር በኩል ከቀይ ባሕር ስምጥ ጋር ይገናኛል። በዚያ ሙቅ፣ ጨዋማና ጥሩ ውኃ ውስጥ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በዘመናት ብዛት ከኖራ የገነቡት ዐለት አለ። ይህ ዐለት ለመርከበኛ አደጋ ነው፤ ለታሪክ ተመራማሪ ግን መዝገብ ነው። በዚህ ጽሑፍ መዝገቡ ለኢስላም ታሪክ ምን እንደሚያበረክትና ስለ ምን ሊጠበቅ እንደሚገባው እንመለከታለን።

እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦቻቸው ወደ ሐበሻ እንዲሰደዱ መምከራቸው የታወቀ ነው። አጥ-ጦበሪ ባሰፈሩት ዘገባ መሠረት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች 11 ወንዶችና 4 ሴቶች ሲሆኑ፣ ከሹዐይባ ጠረፍ በሁለት የነጋዴ መርከቦች በግማሽ ዲናር ተሳፍረዋል። ዋጋው የታወቀ፣ መርከቡም የነጋዴ ከሆነ፣ መሥመሩ አስቀድሞ የተለመደ እንደ ነበር እንረዳለን። ሆኖም መጽሐፉ የተጠናቀረው ከድርጊቱ ብዙ ዘመን በኋላ ስለሆነ፣ ከመጽሐፍ ውጭ ያለ ማስረጃም መሻት ይገባናል።

ከእነዚህ ማስረጃዎች አንዱ ከምጽዋ በስተደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው ጥቁር አሳርካ ደሴት አጠገብ የሰጠመው መርከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በራልፍ ፔደርሰን መሪነት በተደረገው ቁፋሮ ሾጠጥ ያሉና ጎድናማ ገላ ያላቸው ገንቦዎች ተገኝተዋል። የዚህ ዓይነት ገንቦ በአክሱምና በአዱሊስም ይገኛል፤ የተተኮሰባቸው ምድጃዎች ደግሞ በጥንታዊቷ አይላ፣ በዛሬዋ ዐቀባ፣ ተቆፍረው ወጥተዋል። መርከቡ ከሂጅራው በፊት በነበሩት ምዕተ ዓመታት ወይም በዚያው ዘመን አቅራቢያ የሰጠመ ነው። ሶሓቦቹን የጫነ መርከብ ነው ልንል አንችልም፤ አንልምም። የሚያስረዳን ግን ከዐቀባ ባሕረ ሰላጤ እስከ አክሱም ወደብ ዕቃና ሰው የሚመላለስበት ሕያው መንገድ እንደ ነበረ ነው። ስደተኞቹ ወደማይታወቅ ዓለም አልቀዘፉም፤ ነጋዴ በሚያውቀው መንገድ ወደ ፍትሕ ሄዱ።

ከሂጅራው በኋላም ዐለቱ ከታሪኩ አልተለየም። የዳህላክ ደሴቶች ራሳቸው የጥንት ኮራል ናቸው፤ ነዋሪዎቹም የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅሙባቸውን ጉድጓዶች የፈለፈሉት ከዚሁ ዐለት ነው። በዳህላክ ከቢር መካነ መቃብር በኩፊክ ጽሕፈት የተቀረጹት የመቃብር ድንጋዮች በዚያ የነበረውን ሙስሊም ማኅበረሰብ ስምና ዘመን አቆይተውልናል።

የዚህ መዝገብ ጠላት ግን ባሕሩ አይደለም። በግብፅ ጠረፍ በሳዳና ደሴት አጠገብ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ከኮራል ዐለት ሥር የሰጠመ ትልቅ የንግድ መርከብ አለ። ቡና፣ ዕጣንና የቻይና ሸክላ ጭኖ ነበር፤ ሸክላው የሰውም የእንስሳም ምስል የሌለበት፣ ለሙስሊም ገበያ የተሠራ ነው። ተመራማሪዎች ቁፋሮ ሳይጀምሩ ጠላቂዎች ብዙ ዕቃ ዘርፈውበታል። ገንቦ ከተኛበት ሲነሣ ገንቦ ብቻ ይሆናል፤ ከማን ጋር እንደ ተጫነ፣ ወዴት ይሄድ እንደ ነበር የሚናገረው በቦታው ሳለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው የዩኔስኮ ስምምነት በውኃ ሥር ያለ ቅርስ ከሁሉ አስቀድሞ ባለበት ስፍራ እንዲጠበቅ ያስቀመጠው ስለዚሁ ነው። በሱዳን ጠረፍ ያለው የሰንጋነብ ባሕር ፓርክም እ.ኤ.አ. በ2016 ከዱንጎናብ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መልሕቅ የሰበረው፣ ደለል ያፈነው ኮራል ሲሞት የሚጠፋው የዓሣ መጠለያ ብቻ አይደለም፤ በጉያው የያዘው ማስረጃም አብሮ ለአደጋ ይጋለጣል። ስለሆነም የሂጅራን ታሪክ የሚያጠና ሊቅ ብራናውን እንደሚጠብቅ ሁሉ ለዐለቱም ጠበቃ ሊሆን ይገባዋል እንላለን።