ደብረ ሊባኖስን ስንጎበኝ የማንረሳው ታሪክ



ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚወስደው መንገድ በእኛ በሱሉልታ ሰዎች ደጅ ያልፋል። በጫንጮ፣ በሙከጡሪና በደብረ ጽጌ አድርጎ የሚሄደው አውቶቡስ ተሳላሚውንና ጎብኚውን ሲያመላልስ ይውላል። ሰው የሚያየውም ብዙ ነው፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የታነጸው ቤተ ክርስቲያን፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዋሻና ጸበል፣ እንዲሁም የፖርቱጋል ድልድይ እየተባለ የሚጠራው የድንጋይ ድልድይ አለ። ይኸ ድልድይ በእውነቱ በራስ ዳርጌ ዘመን የተሠራ ነው።

ነገር ግን ብዙው ጎብኚ ሳያየው የሚመለስ ቦታ አለ፤ እሱም ላጋ ወልዴ ነው። ላጋ በኦሮምኛ ወንዝ ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስት ጣሊያን በገዳሙ ላይ ቂም ያዘ። ግንቦት 12 የጻድቁ አፅም የፈለሰበት በዓል ስለሆነ ሕዝቡ ከያገሩ ይሰበሰባል። ጄኔራል ማሌቲ ይኸንኑ ጊዜ ጠብቆ ገዳሙን ከበበ። ግንቦት 13 መነኮሳቱንና ምእመናኑን በካሚዮን እየጫነ ወደ ላጋ ወልዴ ወስዶ በመትረየስ ፈጃቸው። ከጥቂት ቀን በኋላም ዲያቆናቱ በደብረ ብርሃን በኩል ተገደሉ።

ግራዚያኒ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት፣ 23 ሌሎች ሰዎች፣ ኋላም 129 ዲያቆናት ብሎ ቆጠረ፤ በድምሩ 449 መሆኑ ነው። ኢያን ካምፕቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የአገሩን ሽማግሌዎች ጠይቀው ሲመረምሩ ግን ቁጥሩ ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ደረሱበት። ካምፕቤል ከ1,400 እንደማያንስ ጽፏል።

ዕድር ማለት ማንም ሰው ያለ ቀባሪ እንዳይቀር፣ ስሙም ከመዝገብ እንዳይጠፋ የቆመ ማኅበር ነው። እነዚያ ሰዎች ግን ፍታት ሳይደረግላቸው፣ ድንኳን ሳይተከልላቸው፣ የአብዛኞቹም ስም ሳይጻፍ ቀረ። ገዳዩ የጻፈውን ቁጥር ብቻ ይዘን ብንኖር እኛም መዝገቡን አጉድለን ያዝን ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር ካንተርበሪ በምትባል ጥንታዊ ከተማ ሊቀ ጳጳሱ ቶማስ ቤኬት በ1170 እ.ኤ.አ. በካቴድራሉ ውስጥ ተገደሉ። አንድ ሰው ነበሩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ጎብኚው የወደቁበትን ቦታ ጠይቆ ያያል። የእኛዎቹ ግን ስንት ናቸው!

ስለዚህ ወደ ደብረ ሊባኖስ የምንሄድ ሁሉ፣ የየትኛውም ሃይማኖት ተከታይ ብንሆን፣ ልጆቻችንን ይዘን ላጋ ወልዴ የት እንደሆነ እንጠይቅ፤ የሆነውንም እንንገራቸው። ለቅሶ መድረስ ደንባችን ነውና፣ ቢዘገይም እንድረስላቸው።

ነፍሳቸውን ይማር።