ግማሹ የእሷ፣ ቁልፉ የእሱ፦ የትዳር ንብረትና ዕዳ ክፍፍል ታሪክ ከአዳማ አንጻር

«ባልና ሚስት ሲፋቱ በትዳር ያፈሩትን እኩል ይካፈላሉ» የሚለው መርህ የቅርብ ጊዜ ድል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የጋራ ንብረት በመርህ ደረጃ እኩል እንዲከፈል ደንግጎ ነበር። ታዲያ ከዚያ በኋላ ለ40 ዓመት የተደረገው ክርክር በምን ላይ ነበር? ቁልፉን ማን ይያዝ በሚለው ላይ ነው።

ያው ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎታል። ሚስት ሕግን እስካልተቃረነ ድረስ እንድትታዘዘው አዟል፤ ከራሷ ገቢ በቀር የጋራውን ንብረት የማስተዳደር ሥልጣንም ለእሱ ሰጥቷል። ቤት ለመሸጥ የሁለቱ ስምምነት ቢያስፈልግም፣ ቤቱ ምን እንዳለውና ከማን ምን እንደተበደረ ጠንቅቆ የሚያውቀው አስተዳዳሪው ነበር። ፍቺውን የሚያዩትም የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ጥፋተኛ ያሉትን ወገን ድርሻ ቀንሰው ለሌላው ከግማሽ በላይ መስጠት ይችሉ ነበር። ስለዚህ ግማሹ በወረቀት ላይ ቢኖርም፣ እጅ እስኪገባ ብዙ ደጅ ያስጠና ነበር።

አዳማ ይህ ጎልቶ ከሚታይባቸው ከተሞች አንዷ ናት። የተቆረቆረችው በአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ላይ ነው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ደግሞ አካባቢው የወር ደሞዝተኛ አገር ሆነ። ከሞጆ በመቂና በዝዋይ (ባቱ) አድርጎ እስከ ሻሸመኔ የተዘረጉት ከተሞችም የሚኖሩት በመንገድ ነው፤ በጭነት፣ በሆቴልና በንግድ። እንዲህ ባለ ቦታ የቤተሰብ ሀብት ማለት ደሞዝ፣ መኪና፣ ሱቅና ቤት ነው። ሊብሬውም ካርታውም በአብዛኛው የሚወጣው በባል ስም ነበር። ሚስት በጉሊት፣ በጠላና በእንጀራ ያመጣችው ገንዘብ ለቤቱ ወጪ ያልቃል፤ የባል ገንዘብ ግን ሰነድ ላይ ይቀራል። በክፍፍሉ ቀን ሰነዱ ይናገራል፤ ተበልቶ ያለቀ እንጀራ ምስክር የለውም።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ለመንግሥት ሲያደርግ የሚካፈለው ነገር ራሱ ተለወጠ። በቀበሌ ቤት ለሚኖሩ ጥንዶች የቀረው የኪራይ መብት ብቻ ነበር። የቀበሌ ቤት አይሸጥም፤ በሐራጅ ወጥቶ ገንዘቡ ለሁለት አይከፈልም። አንዱ ይቀራል፤ አንዱ ይወጣል። የራሳቸው ቤት ያላቸውም ቢሆኑ የሚካፈሉት ቤቱን እንጂ የመሬቱን ባለቤትነት አይደለም።

ቁልፉ ከአንድ እጅ የወጣው ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ነው። አንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በትዳር ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ለለውጡ ተሟገቱ። በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 213 ወጣ፦ የጋራ ንብረት በጋራ ይተዳደራል፣ ፍቺ የሚወሰነው በፍርድ ቤት ነው፣ ጥፋት ካሳ ቢያስከፍል እንጂ ድርሻ አያሳጣም።

ይህ የፌዴራል ሕግ ግን የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነበር። የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የክልሎች በመሆኑ፣ ኦሮሚያ የራሱን ሕግ በአዋጅ ቁጥር 69/1995 እስኪያወጣ ድረስ ሦስት ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው አዳማ ያሉ ጥንዶች በአሮጌው ሕግ ሥር ቆዩ። የሚገርመው፣ ጊዜው የክልሉ መቀመጫ ወደዚችው ከተማ እንዲዛወር የተወሰነበት ዘመን ነበር።

የአዲሱ ሥርዓት ትልቁ ፈተና ዕዳ ነው። በፌዴራሉ ሕግ፣ ከክፍፍሉ በፊት የጋራ ዕዳ ይከፈላል፤ የሚካፈሉት የተረፈውን ነው። ለትዳሩ ጥቅም የዋለ ዕዳ ከሆነ አበዳሪው ከጋራውም ከሁለቱም የግል ንብረት ሊጠይቅ ይችላል። አንዱ ለራሱ የተበደረው ግን መጀመሪያ ከራሱ የግል ንብረት ይከፈላል፤ ያ ካልበቃ ወደ ጋራው ይመጣል። ንብረትም በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ የጋራ ተብሎ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚል ማስረዳት አለበት።

ሕጉ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ሆነ ዋስ ለመሆን የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ያልተስማማው ወገን ውሉን ካወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል። ዛሬ 500 ብር ለአንድ ዶሮ እንኳ አይበቃም። ገደቡ እንዲህ ሲያንስ ደግሞ ማንም አያስታውሰውም።

አሁን ክፍተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቤት ወይም መኪና ሲሸጥ ውልና ማስረጃ የትዳር ሁኔታን ይጠይቃል፤ ያለ ሁለተኛው ፊርማ ጉዳዩ አይንቀሳቀስም። የእጅ በእጅ ብድር፣ የሱቅ ዱቤና የዕቁብ ዋስትና ግን ማንንም ሳይጠይቁ ያልፋሉ። የአዳማና የአካባቢዋ ንግድ የሚዞረው ደግሞ በእነዚህ ጭምር ነው። ሚስት የቤቱን ግማሽ ልትወስድ ችሎት ስትቆም፣ አይታው የማታውቀው አበዳሪ ወረቀት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ክርክሩ ስለ ግማሹ መሆኑ ይቀርና ገንዘቡ የት ገባ ወደሚለው ይዞራል፤ ዕዳው ለቤቱ ጥቅም አለመዋሉን ለማሳየትም የቤቱን ሒሳብ ማወቅ ያስፈልጋል። የንብረቱ ቁልፍ በሕግ የሁለቱ ከሆነ ከ20 ዓመት በላይ አልፎታል፤ የዕዳው ደብተር ግን በብዙ ቤት ዛሬም በአንዱ ኪስ ነው።