ጽማዌ

ጽማዌ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊት አንደበትን ከከንቱ ንግግር፣ ሕሊናን ከመባዘን ሰብስቦ በዝምታ የመጽናት መንፈሳዊ ልማድ ነው። ከዐሥሩ የመንፈሳዊ ሕይወት ማዕረጋት የመጀመሪያው ሲሆን፣ ከልባዌና ከጣዕመ ዝማሬ ጋር «ንጽሐ ሥጋ» በሚባለው ክፍል ይመደባል።

የትምህርቱ ዋና ምንጮች መጻሕፍተ መነኮሳት ማለትም ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። ሦስቱም በ7ኛውና በ8ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የሶርያ መነኮሳት የደረሷቸው ሲሆኑ፣ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ ተመልሰዋል።

ጽማዌ ከጾም፣ ከስግደትና ከጸሎት ጋር ይያዛል። መነኩሴው በበዓቱ ተወስኖ፣ መቁጠሪያ ይዞ ኪርያላይሶንን 41 ጊዜ ይደግማል፤ ሐሳቡ ሲባዝን ወደ ጸሎቱ ቃል ይመልሰዋል። ከሰሜን ተራሮች በታች ባለው የዋልድባ ገዳም፣ እህል የማይቀምሱ መነኮሳት ቋርፍ የተባለ የሥራ ሥር ምግብ እየተመገቡ በተጋድሎ ይኖራሉ።

በትምህርቱ መሠረት የጽማዌ ፍሬ የሐሳብ መረጋጋት፣ ቁጣን መግታትና የራስን ጉድለት ማየት ነው። ከዚህ ቀጥሎ ልባዌ፣ የሚጸልዩትን በልብ ማስተዋል፣ ይመጣል። የቡድሂዝሙ ቪፓሳናም ሕሊናን ይሰበስባል፤ ትኩረቱ ግን እስትንፋስንና ስሜትን መመልከት ሲሆን፣ የጽማዌ መድረሻ እግዚአብሔር ነው።

በጎንደር፣ መጻሕፍተ መነኮሳት ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ጋር ከአራቱ የመጻሕፍት ትምህርት ጉባኤያት አንዱ ሆነው በአንድምታ ትርጓሜ ይሰጣሉ።