ሻንጣ የሚመዘንባት ከተማ

ለሳፋሪ የሚመጣ ሰው ናይሮቢን የሚፈልጋት ለአንድ ሌሊት ነው። ከጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ ተቀብዬ ሆቴል የማደርስ ሰው ነኝና ይህን ስል በቅሬታ አይደለም፤ እንጀራዬ ከዚያችው ሌሊት ነው የሚወጣው። «ናይሮቢ ስንት ቀን ትቆያላችሁ?» ስል መልሱ ያው ነው፦ ዛሬን አድረን ነገ ማሳይ ማራ። የከተማዋን ታሪክ ለሚያውቅ ግን ይህ አይገርምም። ናይሮቢ ከጅምሩም የተቆረቆረችው ዕቃ አራግፎ፣ መዝኖ፣ መልሶ ለመጫን ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የዘረጉት ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1899 ነው። ቦታው ማሳዮች ከብት የሚያጠጡበት ረግረግ ነበር። ከዚህ ወዲያ ምድሩ ወደ ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ስለሚወጣ፣ መሐንዲሶቹ ለዳገቱ መዘጋጃ የሚሆን ሜዳ ፈለጉና ብረቱንም እንጨቱንም እዚህ አወረዱ። ሐዲዱን የሠሩት በአብዛኛው ከሕንድ የመጡ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ሲሆኑ 2,500 ያህሉ እዚሁ አልቀዋል። ያኔ አንበሳ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚታይ አልነበረም። በ1898 ጻቮ በሚባል ወንዝ ላይ ሁለት አንበሶች ሠራተኛውን እየበሉ የድልድዩን ሥራ አስቆሙ። በ1900 ደግሞ ኪማ በምትባል ጣቢያ አንድ የፖሊስ ሹም አንበሳ ሊገድል ፉርጎ ውስጥ ሲያደፍጥ እንቅልፍ ጣለውና አንበሳው ገብቶ ይዞት ወጣ። ፉርጎው ዛሬም ናይሮቢ ባቡር ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ግማሽ ቀን የሚተርፈው እንግዳ ባገኝ መጀመሪያ የምወስደው እዚያ ነው።

ስታንሊ ሆቴል በ1902፣ ኖርፎክ ሆቴል በ1904 የገና ሰሞን ተከፈቱ። ከአውሮፓና ከአሜሪካ ለአደን የሚመጣው ባለጸጋ ሞምባሳ ከመርከብ ወርዶ በባቡር ይመጣና እዚህ ያርፋል። ኒውላንድና ታርልተን የሚባል የከተማው ድርጅት ድንኳኑን፣ ስንቁን፣ የቆርቆሮ መታጠቢያውን፣ አዳኝ መሪውንና ተሸካሚውን አሰናድቶ ያስረክበዋል። ዋናው ሥራ ክብደት ማከፋፈል ነበር። የአንድ ተሸካሚ ጭነት 60 ፓውንድ፣ ማለትም 27 ኪሎ ገደማ ነው። ዕቃው በበዛ ቁጥር የሚጨመረው ሰው ነው፤ ሰው ሲጨመር ደግሞ ለእሱ ቀለብ የሚሸከም ሌላ ሰው።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ሲመጣ ከ200 በላይ ተሸካሚ ካፒቲ ጣቢያ ላይ ተሰልፎ ጠበቀው። ለቆዳ ማድረቂያ ብቻ አራት ቶን ጨው ይዟል። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ግን የመጽሐፍ ሣጥኑ ነው። ስድሳ ያህል መጻሕፍት በአሳማ ቆዳ አስጠርዞ ነበር የመጣው፤ ሣጥኑ ከነመጻሕፍቱ ከ60 ፓውንድ ትንሽ እንዲያንስ ተደርጎ ተሠርቷል። ልክ የአንድ ሰው ሸክም። ሰውዬው ዛፍ ሥር ጋደም ብሎ ሼክስፒርን እንዲያነብ አንድ ጎልማሳ ወራቱን ሙሉ ያን ሣጥን በራሱ ላይ ተሸክሞ ሄደ። ሩዝቬልት የገደለው እንስሳ ሁሉ በዝርዝር ተጽፏል፤ የሣጥኑን ተሸካሚ ስም ግን የትም አላየሁም።

ከናይሮቢ ወጣ ብላ ባለችው ጁጃ ሩዝቬልትን ያስተናገደው አሜሪካዊው ሀብታም ኖርዝረፕ ማክሚላን ነበር። ይህ ሰው የእኛንም አገር ቀምሷታል። በ1903 ከምኒልክ ፈቃድ አግኝቶ ዐባይን በጀልባ እወርዳለሁ ብሎ ተነሣ፤ ጀልባዎቹ ገና ከመነሻው ተሰባበሩበት። ዐባይ እንቢ ያለው ሰው ኬንያ ርስት ገዝቶ ተደላደለ፤ በስሙ የተሠራው ቤተ መጻሕፍት ከ1931 ጀምሮ መሐል ናይሮቢ ይገኛል።

በ1914 ጦርነት ሲመጣ፣ ሰውን በሸክም ልክ መቁጠር የለመደው አገዛዝ ዘዴውን ወደ ዘመቻ አዞረው። በዛሬዋ ታንዛኒያ ላይ ለተደረገው ውጊያ ጥይትና ስንቅ የሚሸከሙ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አፍሪካውያን ታፈሱ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት በበሽታና በረሃብ ረገፉ። ናይሮቢ ውስጥ የሰፈሩበት ቦታ ካሪኮር ነው፤ አበሻ ከሚበዛበት ከኢስሊ ብዙ አይርቅም፣ ዛሬ ሰንደል ጫማና ዘንቢል ይሸጥበታል። ከስታንሊ ሆቴል ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ኬንያታ ጎዳና ላይ፣ የዚያ ጦርነት መታሰቢያ የሆኑ ሦስት የነሐስ ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ተሸካሚ ነው። እንግዶቼ አጠገቡ ቆመው ታክሲ ይጠብቃሉ።

ከጦርነቱ በኋላ ሸክሙን መኪና ተረከበው። በ1929 የዊልሰን አየር መንገድ ተቋቋመ፤ ዛሬ ወደ ማራ የሚበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚነሡበት ማረፊያ በመሥራችዋ ስም ይጠራል። በ1977 መንግሥት አደንን ጨርሶ ከለከለና ጠመንጃው በካሜራ ተተካ። ሚዛኑ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። እንዲያውም ጠብቋል፤ ዊልሰን ላይ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው 15 ኪሎ ነው፣ ያውም የእጅ ቦርሳን ጨምሮ፣ ያውም ለስላሳ ሻንጣ።

ይህ ደንብ የተጻፈው አበሻን በማያውቅ ሰው ነው። ከዋሽንግተን ተነሥቶ አዲስ አበባ ዘመድ ጠይቆ የሚመጣ ቤተሰብ ለነፍስ ወከፍ ሁለት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ድርቅ ያለ ሻንጣ ነው የሚያወርደው። ሌሊቱን የማሳልፈው ከእነሱ ጋር ሻንጣ እያራገፍኩ ነው። ባለፈው ያጋጠሙኝ እናት ቁልፉን አልሰጥም አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ከእኔ አይለይም። በርበሬ አለበት።»

«እማማ፣ አውሮፕላኗ ትንሽ ናት። ሆቴሉ መጋዘን ይቀመጥልዎታል፣ ሲመለሱ ያገኙታል።»

«እዚያ ጫካ ውስጥ ምን ሊያበሉን ነው ታዲያ?»

ከፈቱልኝ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቆሎው፣ ሁሉም በፌስታል በፌስታል ታስሯል። ኬንያ ደግሞ ፌስታል ከ2017 ጀምሮ ከልክላለች። ሆቴሉ የወረቀት ከረጢት ሰጠን፤ እኩለ ሌሊት ላይ ሦስታችን፣ እኔ፣ እሳቸውና የልጃቸው ልጅ፣ በርበሬ ስንገለብጥ በየተራ እናነጥስ ነበር። የወጥ ቤት ሚዛን አስመጣሁ። የሁለት ሰው ድርሻ 30 ኪሎ እንዲሆን አንድ ጥንድ ቡትስ ጫማና ወፍራም ካፖርት መቅረት ነበረበት። ማራ ሌሊቱ ይበርዳልና ካፖርቱን ቢይዙ ብዬ ለመንኳቸው። ጋቢ አለኝ አሉኝና ቆሎውን ጨመሩ።